«ጥቁር ናት፣ ግን ቆንጆ ናት»፦ ይቺ «ግን» የፍትሕ ጉዳይ ናት ወይስ የአፍ ልማድ?

ቀለም ቆጣሪ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ አንድ የንባብ ክበብ ውስጥ ለአርባ ደቂቃ እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ርዕሱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ በቆዳ ቀለም የሚደረግ አድልዎ፣ ከለሪዝም የሚባለው። በዚህ ጉዳይ የሚመራመሩና የሚሟገቱ ሰዎችን ሥራ ሳነብ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ርዕሱን ስነግራቸው ታዲያ ከአዘጋጆቹ አንዱ «ይሄ እኮ የውበት ነገር ነው፤ ፍትሕን ምን አገባው?» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔም የዚያን ቀን ደህና መልስ አልሰጠሁትም። ለዚህ ነው እዚህ የመጣሁት።

ከራሴ ልጀምር። እኔና ታላቅ እህቴ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን። እሷ ቀይ ናት፣ እኔ ጥቁር ነኝ። ልጆች ሳለን ቤት እንግዳ ሲመጣ ጎን ለጎን ቆመን ሰላም እንላለን። አንዲት እንግዳ የእህቴን አገጭ ያዝ አድርጋ «ይቺስ እንዴት ታምራለች!» አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ። ትንሽ ዝም አለች። «ይቺኛዋ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ትመስላለች።» የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደብተሬን አይታው አታውቅም። ያቺ አጭር ዝምታ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሊያጽናኑኝ ሲፈልጉ ደግሞ የሚሏት ነገር አለች፦ «ጥቁር ናት፣ ግን ቆንጆ ናት።» ምስጋና ነው የሚመስላቸው። «ቀይ ናት፣ ግን ቆንጆ ናት» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

ቃሉን ለማታውቁት፣ ከለሪዝም የሚለውን ስም ያመጣችው አሜሪካዊቷ ጸሐፊ አሊስ ዎከር ናት፤ በ1982 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ዘረኝነት «ከእኛ ወገን አይደለህም» ብሎ ያገልላል። ከለሪዝም ግን እዚያው ወገን ውስጥ፣ እዚያው አንድ ቤት ውስጥ፣ ማን ቀላ ማን ጠቆረ እያለ ያበላልጣል።

ካነበብኩት ሁሉ የያዘኝ የኬነት እና የማሚ ክላርክ ሥራ ነው። ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም የሥነ ልቦና ባለሙያዎች። በ1940ዎቹ ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆናቸው 253 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት አሻንጉሊቶች አሳዩ። አሻንጉሊቶቹ ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት ናቸው። «ጥሩዋን ስጠኝ» ሲባሉ አብዛኞቹ ነጯን ሰጡ። «መጥፎ የምትመስለውን» ሲባሉ ጥቁሯን። «አንተን የምትመስለውን ስጠኝ» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ያለቀሱና ክፍሉን ጥለው የወጡ ልጆች ነበሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በትምህርት ቤት ልጆችን በዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ሲያደርግ የኬነት ክላርክን ሥራ ጠቅሷል።

ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙም የማይወራለት ሌላ ክፍል አለ። ለልጆቹ የቅጠል፣ የፖም፣ የብርቱካን፣ የአይጥ፣ ከዚያ የአንድ ልጅ ሥዕል ከባለቀለም እርሳስ ጋር ሰጧቸው። ቅጠሉንና ብርቱካኑን በትክክል የቀባ ልጅ ቀለም ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ «ይሄ ልጅ አንተ ነህ እንበል፤ የራስህን መልክ ቀባው» ይባላል። ከጠቆሩት ልጆች መካከል ራሳቸውን ከሆኑት አቅልተው የቀቡ ነበሩ። ብርቱካኑን ያልተሳሳተ እጅ የራሱ መልክ ጋ ሲደርስ ተሳሳተ።

እና ጥያቄዬ፣ ይሄን ነገር ከ«ስሜቴ ተጎዳ» አልፎ የፍትሕ ጉዳይ የሚያደርገው ምንድን ነው ትላላችሁ? የምታውቁትን አካፍሉኝ። የማትስማሙም ካላችሁ በግልጽ ጻፉልኝ።

ማለዳ ጻፈች፦

ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ እህቴ። እኔ ጋ ስትመጣ «ጥርሷ ያምራል» ሆና ነው የምትጨርሰው።

ቀጥተኛው ጻፈ፦

በግልጽ ጻፉ ስላልሽ ልጻፍ። የደረሰብሽን አላቃልልም። ግን ሁሉንም ነገር የፍትሕ ጥያቄ ካደረግነው ፍትሕ የሚለው ቃል ራሱ ይረክሳል። ሰው ምርጫ አለው። አንዱ ረጅም ይወዳል፣ አንዱ አጭር። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም። ይሄን በአዋጅ ማስተካከል አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሥራ ያጣ፣ ቤት ያጣ ሰው ባለበት ዓለም ስለ ቆዳ ቀለም መነጋገር ቅንጦት አይሆንም ወይ? ሦስተኛ፣ በአንድ ወገን መካከል እንዲህ ዓይነት መስመር ማስመር ራሱ መከፋፈል ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ አስረዱኝ፤ እሰማለሁ።

የሕግ ሰው ጻፈ፦

ወንድሜ ቀጥተኛው፣ ሥራ ስላጣ ሰው ያነሳኸውን ወድጄዋለሁ። ምክንያቱም ነገሩ እዚያው ነው የሚመራን።

ከለሪዝም የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መስታወት ፊት ይቀር ነበር። አልቀረም። እስር ቤት ድረስ ሄዷል። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ከ1995 እስከ 2009 የታሰሩ 12,158 ጥቁር ሴቶችን መዝገብ አዩ። የእስር ቤቱ ሠራተኞች ሴቶቹ ሲገቡ መልካቸውን ይመዘግቡ ነበር። ቀላ ያለች ተብላ የተመዘገበችው ሴት ከጠቆረችዋ 12 በመቶ ገደማ ያነሰ እስራት ነው የተፈረደባት። ልብ በሉ፣ ጥቁርና ነጭ እያወዳደሩ አይደለም። ሁሉም ጥቁር ሴቶች ናቸው።

በዚህ ላይ ሕጉም ያውቀዋል። በ1948 የወጣው ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 2 ላይ «ዘር» ይላል፣ ወዲያው አጠገቡ «ቀለም» ይላል። ሁለቱን ለየብቻ ነው የጠራቸው። የአሜሪካው የ1964 የሲቪል መብቶች ሕግም እንደዚያው። ለረጅም ጊዜ ግን ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ያነባቸው ነበር። በ1989 አትላንታ ውስጥ አንዲት ጥቁር ሠራተኛ «አለቃዬ እሷም ጥቁር ናት፤ ከእሷ ስለምቀላ በድላኛለች» ብላ ከሰሰች። ተከሳሽ ወገን «ሁለታችሁም አንድ ዘር ናችሁ፤ ምን አድልዎ አለ?» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ቀለም ከዘር ተለይቶ ለብቻው የክስ ምክንያት ይሆናል አለ።

ይሄን መዝገብ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ከሳሿ ቀይዋ ናት። ሕጉ የሚጠብቀው ጥቁሯን ብቻ ወይም ቀይዋን ብቻ አይደለም። የከሰሱ ሁሉ ይረታሉ ማለትም አይደለም። በሩ ግን ተከፍቷል።

ቀጥተኛው ጻፈ፦

የእስሩን ቁጥር አላውቀውም ነበር። አንድ ጥያቄ ላንሳ። ምናልባት የጠቆሩት ሴቶች የከበደ ወንጀል ፈጽመው ቢሆንስ? ወይም ቀደም ሲል የታሰሩ ቢሆኑስ?

የሕግ ሰው ጻፈ፦

ተገቢ ጥያቄ ነው። ተመራማሪዎቹም ራሳቸውን ጠይቀውታል። የቀድሞ የወንጀል ሪከርድን፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን፣ ግድያና ዝርፊያ መሆን አለመሆኑን፣ የሴትዮዋን ቅጥነት ሳይቀር ሂሳብ ውስጥ አስገብተው ነው ልዩነቱን ያገኙት። ዳኛው ተንኮለኛ ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ራሱም አያውቀውም። ያ «ምርጫ» ብለህ የጠራኸው ነገር ካባ ለብሶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወር እና ዓመት ይሆናል።

ሌሊት ተረኛ ጻፈች፦

ነርስ ነኝ። እኔ ጋ ያለውን ልንገራችሁ።

ጣት ላይ የምንሰካት ኦክስጅን መለኪያ አለች፤ በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ሰው አውቋታል። የምትሠራው በቆዳ ውስጥ ብርሃን አሳልፋ ነው። ቆዳው ሲጠቁር ብርሃኑን ይዞ ያስቀራል። በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት መሣሪያዋ «ደህና ነው» እያለች ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን በእውነት የወረደ ሕሙማንን ቆጠረ። በጥቁር ሕሙማን ላይ ይሄ የሚሆነው ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ማንም ሰው ክፉ አላሰበም። መሣሪያዋ ስትሠራ ማን ላይ እንደተሞከረች ነው ጉዳዩ። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ስክሪኑ 94 ብሎኝ ሰውየው ግን እያቃሰተ ከሆነ፣ የማምነው ሰውየውን ነው።

ትምህርት ላይ ሳለን «ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሽፍታው ቀይ ይሆናል» ተብሎ ነው የተማርነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ሽፍታ ቀይ ላይሆን ይችላል። ሐምራዊ ወይም ግራጫ ሊመስል ይችላል። ማሎን ሙክዌንዴ የሚባል የለንደን የሕክምና ተማሪ ይሄ አስጨንቆት በ2020 ከመምህራኑ ጋር ሆኖ ምልክቶቹ በጥቁር ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መጽሐፍ አዘጋጀ። ተማሪ እያለ ነው ይሄን የሠራው።

አሁን ወደ ክሬሙ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። ቆዳ የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሦስት ናቸው። ሜርኩሪ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል። ሃይድሮኩዊኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳውን መልሶ ሰማያዊና ጥቁር የተቀላቀለበት ሊያደርገው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ማጥፋቱ እጅግ ከባድ ነው። ጠንካራ ስቴሮይድ ደግሞ ቆዳውን ያሳሳዋል።

አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ መጣች። ፊቷ ቀልቷል። እጇ ላይ ግን የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጥቁር ነው፤ እዚያ ላይ ክሬሙ እምብዛም አይሠራም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። «ምን ትቀቢያለሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ። ስሙ ያልተጻፈበት ብልቃጥ ከቦርሳዋ አወጣች። የልጁ ጉንጭ ደግሞ አንገቷ ላይ ተለጥፏል። ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ በንክኪ፣ በእናት ጡት ወተትም ወደ ልጅ ይደርሳል። ይሄን ስነግራት አለቀሰች። «ለሠርጌ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ሳቆም ደግሞ ይብስብኛል» አለችኝ። ቀጥተኛው፣ ምርጫ ነው ላልከው ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ። ምን አማራጭ ሰጥተናት ነው የመረጠችው?

የሚሻላትን ነግሬ የቆዳ ሐኪም ጋ ልኬአታለሁ። እናንተም የምታውቁት ሰው ካለ ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም በድንገት እንዲያቆም አትገፋፉት። ሐኪም ይየው።

ኮድ ጸሐፊ ጻፈ፦

ከእኔ ሙያ አንድ ልጨምር። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒ እና ትምኒት ገብሩ ፊት አይቶ ጾታ የሚለዩ ሦስት የትልልቅ ኩባንያ ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። የፈተኑበት የ1,270 የፓርላማ አባላት ፎቶ ነው፤ ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋል፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን። ቀላ ያሉ ወንዶች ላይ የታየው ትልቁ ስህተት 0.8 በመቶ ነበር። የጠቆሩ ሴቶች ላይ 34.7 በመቶ ደርሷል። ቡኦላምዊኒ ወደዚህ ጥናት የገባችው ኮምፒውተሩ ፊቷን አላይ ብሏት፣ ነጭ ጭምብል ስታጠልቅ ግን ስላያት ነው። እስቲ አስቡት። ሰው ሆና አላያትም፣ ፕላስቲኩን አየው።

ቅዳሜ የምትጠቅሺው ሌላ ሰው ካስፈለገሽ ኤሊስ መንክን ተመልከቺ። የሃርቫርድ ሶሺዮሎጂስት ነው፤ የቆዳ ቀለም ከጤናና ከኑሮ ደረጃ ጋር ያለውን ግንኙነት ለዓመታት ያጠና። ሐኪሞችና መሐንዲሶች ሲጠቀሙበት የኖሩት የቆዳ ቀለም መለኪያ በ1975 የተጀመረው የፊትዝፓትሪክ ሚዛን ነው። ለፀሐይ ብርሃን ቆዳ እንዴት እንደሚመልስ ለማወቅ የወጣ ነው፣ ደረጃው 6 ብቻ። አብዛኛው ደረጃ ለቀላ ቆዳ የተመደበ ነው። መንክ 10 ደረጃ ያለው አዲስ ሚዛን አዘጋጀ፤ በ2022 ጉግል ለሁሉም ክፍት አደረገው። ለምን ይሄን አነሳሁ? ያልተለካ ነገር አይስተካከልም። «ቀላ ያሉና የጠቆሩ» ብሎ መቁጠር መከፋፈል አይደለም፤ ክፍፍሉ የት እንዳለ ማየት ነው።

የሦስት ልጆች አባት ጻፈ፦

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ እዚህ ብዙም አልጽፍም።

ያቺ እንግዳ እኔ ነኝ። ማለቴ፣ ያቺ የተባለችው ሴት ባልሆንም ሥራዬ ያው ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉኝ። መካከለኛዋ ወደ እኔ ሄዳለች፣ ጥቁር ናት። ሌሎቹ ወደ እናታቸው። ፎቶ ስንነሳ «አንቺ ወደ ብርሃኑ ጠጋ በይ» እላት ነበር። ለፎቶው ብዬ ነው እያልኩ። አንድ ቀን አልነሳም አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት እሷ ያለችበት የቤተሰብ ፎቶ የለንም። ፎቶ አንሺዋ ራሷ ሆነች። ካሜራውን ትይዝና ከኋላው ትቆማለች። ትሕትና ነበር የሚመስለኝ።

ዛሬ ነው የገባኝ። አንድ ነገር ብጠይቃችሁ፣ ለመሆኑ ቀለም ከየት ነው የሚመጣው? አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ የሚለያየው ለምንድን ነው?

የባዮሎጂ መምህር ጻፈች፦

አባቴ፣ ይህን ስለጻፉልን እናመሰግናለን።

ቀለምን የሚወስነው አንድ ዘረመል አይደለም፤ ብዙ ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ከእርስዎና ከባለቤትዎ የሚደርሰው ድርሻ ይለያያል፤ ካርታ ተበውዞ እንደሚታደል። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ሰውነትን ከኃይለኛ ፀሐይ ይከላከላል፣ ለፅንስ የሚያስፈልገውን ፎሌት የተባለ ቫይታሚንም ከመጥፋት ይጠብቃል። ፀሐይ በሳሳበት አገር ደግሞ ቆዳ ቢቀላ ቫይታሚን ዲ ለማግኘት ይረዳል። ሥራው ይሄው ነው። በ2017 ሳራ ቲሽኮፍ የመሩት ጥናት በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በቦትስዋና የሰዎችን ቆዳ ለክቶ ዘረመላቸውን አየ። የሚያቀላውም የሚያጠቁረውም ዘረመል አፍሪካ ውስጥ አብረው እንደኖሩ፣ አንዳንዶቹም ከዘመናዊው ሰው መገኘት የሚቀድሙ መሆናቸውን አገኘ። እና ልጅዎ የተረፈ ነገር አልደረሳትም። እኩል ዕድሜ ያለው ውርስ ነው።

ይደውሉላት አባቴ።

የግእዝ ተማሪ ጻፈ፦

ስለ «ግን» ልጨምር። መኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 1 ቁጥር 5 ላይ ሴቲቱ ስለ ጥቁረቷና ስለ ውበቷ ትናገራለች። በብዙዎቻችን እጅ ያለው የአማርኛ ትርጉም «ጥቁር ነኝ፣ ነገር ግን ውብ ነኝ» ይላል። በዕብራይስጡ መካከል ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ናት፦ «ወ»። ልክ እንደ ግእዙ «ወ»፣ በአብዛኛው «እና» ማለት ናት፤ እንደ አገባቡ «ግን»ም ልትሆን ትችላለች። የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት «እና» ብሎ ተረጎማት። የላቲኑ ቩልጋታ «ግን» አላት። ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከሩባታል። እኔ የምለው፣ ፊደሏ ሁለቱንም ከፈቀደች የመረጥነው እኛ ነን።

ማለዳ ጻፈች፦

ይሄን ሳነብ ቆሜ ነው የጨረስኩት። «ጥቁር ነኝ፣ ውብም ነኝ።»

ለቅዳሜው አንድ ነገር ልጠቁም፤ ምን እየተሠራ እንደሆነም ንገሪያቸው። ሕንድ ውስጥ ካቪታ ኢማኑኤል የምትባል ሴት በ2009 «ጥቁር ቆንጆ ነው» የሚል ዘመቻ ጀመረች። በ2013 ተዋናይት ናንዲታ ዳስ ስትቀላቀላት በየቦታው ተሰማ። በ2014 የአገሩ የማስታወቂያ ደረጃዎች ምክር ቤት የጠቆረን ሰው ያዘነ፣ ያልተሳካለት፣ ትዳር ያጣ አድርጎ የሚያሳይ ማስታወቂያ እንዳይሠራ መመሪያ አወጣ። ከ1975 ጀምሮ በ«ፌር» (ቀላ ያለ ማለት ነው) ስም ሲሸጥ የኖረው ዝነኛ ክሬም በ2020 ስሙን ቀየረ። ቱቦው ውስጥ ያለው ካልተቀየረ ስሙ ብቻ ምን ይሠራል የሚሉ ተሟጋቾች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ደቡብ አፍሪካ ከዚያ በፊት፣ በ1990 ሃይድሮኩዊኖንን ከመዋቢያ አግዳለች። ሜርኩሪን በተመለከተ ደግሞ ሚናማታ የሚባለው የሜርኩሪ ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 ከመዋቢያ ጨርሶ እንዲወጣ ተስማምተዋል።

ቀጥተኛው ጻፈ፦

ሦስት ነገር ብዬ ነበር። ቅንጦት ነው ያልኩትን ትቻለሁ። መከፋፈል ነው ያልኩት ላይ ገና እያሰብኩ ነው። አዋጅ የሰውን ዓይን አይቀይርም የሚለው ላይ አሁንም አለሁ። የነርሷን ጽሑፍ ግን ለታናሽ እህቴ ልኬላታለሁ። ክሬም እንደምትቀባ አውቅ ነበር። ዝም ብያት ነው የቆየሁት።

ሌሊት ተረኛ ጻፈች፦

ብልቃጡን ይዛ ሐኪም ጋ ትሂድ። ባዶ እጇን እንዳትሄድ። የገዛችበትንም ታስታውስ፤ ይጠይቋታል።

ቀለም ቆጣሪ ጻፈች፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አባታችን፣ የእርስዎን ጽሑፍ ስምዎን ሳልጠራ ባነበው ይፈቅዱልኛል?

ትናንት ማታ ለእህቴ ደወልኩላት። የዚያችን እንግዳ ነገር አነሳሁባት፤ እንደማታስታውስ እርግጠኛ ነበርኩ። ታስታውሳለች። የለበስነውን ቀሚስ ሳይቀር። «አንቺን ጎበዝ ተማሪ አለችሽ» አለችኝ። «እኔን በሕይወቴ ማንም ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ የቤት ሥራዬን ቀደድኩት።»

አንድ ክፍል ውስጥ ያደግን ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄን ተነጋግረን አናውቅም ነበር። እኔ የእሷን ቀለም ስመኝ፣ እሷ የእኔን ደብተር ስትመኝ።

ቅዳሜ አብራኝ ትመጣለች። ንግግሩን የምጀምረው በባለቀለም እርሳሶቹ ነው። ወረቀትና እርሳስ ለሁሉም ሰው እናድላለን፣ ቅጠል፣ ብርቱካን፣ ከዚያ ራሳቸውን። የምትሰበስበው እሷ ናት።

የሦስት ልጆች አባት ጻፈ፦

አንብቢው ልጄ። ደግሞ ደውያለሁ። አላነሳችም፤ እንደገና ማታ እሞክራለሁ።